የዳነ አጥንት ምስክርነት

ለብዙ ዓመታት በንግግሬ መካከል የማስገባው፣ ሰሚዎቼም ዘወትር የሚወዱት አንድ ታሪክ ነበረኝ። አሜሪካዊቷን የሥነ ሰብእ ሊቅ ማርጋሬት ሚድን አንድ ተማሪ «የሰው ልጅ ሥልጣኔ የመጀመሪያ ምልክቱ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። ተማሪው የሸክላ ገንቦ፣ የዓሣ መንጠቆ ወይም የድንጋይ ወፍጮ ትለኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ግን «ተሰብሮ የዳነ የጭን አጥንት ነው» ትለዋለች። በዱር እግሩ የተሰበረ እንስሳ ከአውሬ ማምለጥ፣ ወንዝ ወርዶ መጠጣት፣ ምግቡንም መፈለግ አይችልምና አጥንቱ ሳይገጥም ይሞታል። የዳነ የጭን አጥንት ከተገኘ ግን ከተሰበረው ሰው ጋር የቆየ፣ ስብራቱን ያሰረለት፣ ተሸክሞ ከአደጋ ያራቀውና እስኪያገግም የመገበው ሌላ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ለሕክምና ተማሪዎችና ለነርሶች፣ በስደት አገር ባቋቋምነው የእድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር ተናግሬዋለሁ። ሙያችንን ከሥልጣኔ ሁሉ በኩር የሚያደርግ ነውና ለሐኪም ጆሮ ይጥማል። አንድ ቀን ግን ከእድሩ ስብሰባ በኋላ፣ የእንስሳት ሕክምና የምታጠና የአንድ ወዳጄ ልጅ ቀረብ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የጭን አጥንታቸው ተሰብሮ የዳነ የሜዳ ውሾች እኮ አይቻለሁ፤ ማንም አላከማቸውም» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ነገሩን መፈተሽ ያዝሁ። ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው፣ ማርጋሬት ሚድ ይህን ማለቷን የሚያረጋግጥ የራሷ ጽሑፍም ሆነ የተቀዳ ንግግር አለመገኘቱ ነው። ታሪኩ በኅትመት ከታየባቸው ቀደምት ሥፍራዎች አንዱ፣ እሷ በ1978 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪሙ ፖል ብራንድ ከፊሊፕ ያንሲ ጋር ሆኖ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ለካ በአንድ ሐኪም ብዕር የተመሰከረውን እኛ ሐኪሞች እየተቀባበልን ስናሰማው ኖረናል። ሁለተኛው የባሰ ነበር። አዶልፍ ሹልትዝ የተባለ ተመራማሪ በ1930ዎቹ መጨረሻ በታይላንድ ጫካዎች ከታደኑ ጊቦኖች የተሰበሰበውን አጥንት ሲመረምር፣ ሲሶ ያህሉ ተሰብሮ የዳነ አጥንት እንደ ነበራቸው አረጋግጧል። ጊቦን ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተወረወረ የሚኖር፣ ጭራ የሌለው የእስያ ጦጣ ነው። ወጌሻ የለውም። የወዳጄ ልጅ ትክክል ነበረች።

ታሪኩን ከዚያን ቀን ጀምሮ ተውሁት። ጥያቄው ግን አልተወኝም። ጽሕፈት፣ ከተማና መንግሥት ከመምጣታቸው በፊት የኖሩ ሰዎች ለታመመና ለተጎዳ ወገናቸው ይጠነቀቁ እንደ ነበር የሚያሳይ ማስረጃ በእርግጥ አለን? ካለንስ፣ በችሎት ፊት ቢቀርብ የሚጸና ነው ወይስ እንደ እኔ ታሪክ ጆሮን የሚያስደስት ብቻ? ባለፉት ሃያ ዓመታት አርኪዮሎጂና ሕክምና ተቀራርበው በመሥራታቸው ለዚህ ጥያቄ ከቀድሞው የተሻለ መልስ ተገኝቷል።

አስቀድሞ የምስክሩን ጠባይ ማወቅ ያሻል። አጥንት ብዙዎች እንደሚያስቡት ደረቅ ምሰሶ አይደለም፤ በሕይወት እስካለን ድረስ እየፈረሰ የሚገነባ ሕያው አካል ነው። ሲሰበር በመጀመሪያ ደም ይረጋበታል። በሳምንታት ውስጥ ለስላሳ መጋጠሚያ ይበቅልበታል፤ ያም በወራት ጠንክሮ አጥንት ይሆናል፤ ከዚያም ቅርጹ ለዓመታት እየተስተካከለ ይሄዳል። ስለዚህ የአጥንት ተመራማሪ አንድ ሰው ከተጎዳ በኋላ ለቀናት፣ ለወራት ወይስ ለዓመታት እንደ ኖረ ከስብራቱ ጠርዝ ማንበብ ይችላል። ወዲያው የሞተ ሰው የስብራቱ ጠርዝ እንደ ሰላ ይቀራል፤ የኖረ ሰው ጠርዙ ይድበለበላል። ያልተሠራበት እጅ ወይም እግር አጥንቱ ይቀጥናል፤ ጉዳቱ በልጅነት የደረሰ ከሆነ ደግሞ እድገቱ በዚያው ይቆማል።

በዚህ ንባብ ውስጥ ግን ወጥመድ አለ። በ1992 ጄምስ ዉድና ባልደረቦቹ የአጥንት ተመራማሪዎችን ሁሉ ያነጋገረ ማሳሰቢያ ጻፉ። የበሽታ ምልክት የሞላበት አጽም ስናይ «ይህ ደካማው ሰው ነው» ለማለት እንቸኩላለን፤ ዳሩ ግን በሽታ አጥንት ላይ ምልክት ለመተው ጊዜ ይፈልጋል። በሦስት ቀን ትኩሳት የሞተ ሰው አጽሙ ንጹሕ ነው። ብዙ ጠባሳ ያለበት አጽም ብዙ ጊዜ ከሞት ያመለጠው ሰው ነው። በሆስፒታል አልጋዎች መካከል ለተመላለሰ ሐኪም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለአርኪዮሎጂ ግን ብዙ ድምዳሜዎችን ያናጋ ነበር። ለእኛም ጉዳይ ሁለት ነገር ያስተምረናል፦ የዳነ ቁስል መትረፍን እንጂ በራሱ መረዳትን አይመሰክርም፤ ተረድተው ያልተረፉትም ከአጥንት ንባብ ውጭ ቀርተዋል።

ይህን ይዘን ከሩቁ ማስረጃ እንጀምር። በጆርጂያ አገር ዲማኒሲ በተባለ ሥፍራ 1.77 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የራስ ቅሎች ተቆፍረው ወጥተዋል። በ2005 ዳቪድ ሎርድኪፓኒዜና ባልደረቦቹ ይፋ ያደረጉት አንዱ ቅል ከአንድ ጥርስ በቀር ሁሉንም ያጣ፣ በዕድሜ የገፋ ፍጡር ነው። የጥርሶቹ ጉድጓዶች በአጥንት ተደፍነዋል፤ ይህም ድዱን ብቻ ይዞ ለዓመታት እንደ ኖረ ያሳያል። ሥጋ ወጥቅጠው፣ መቅኔ አውጥተው የሚመግቡት ነበሩት ይሆን? ሊሆን ይችላል። ጥርሳቸውን ያጡ ቺምፓንዚዎችም በዱር ሲኖሩ ታይተዋልና ብዙ ምሁራን ማስረጃውን አልተቀበሉትም። እኔም ዳኛ ብሆን «አልተረጋገጠም» እል ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ከዚህ ይጠነክራል። በኢራቅ ኩርዲስታን ሻኒዳር በተባለ ዋሻ ውስጥ ራልፍ ሶሌኪ በ1957 ያገኘው አንድ የኒያንደርታል ወንድ ሻኒዳር 1 በሚል ስም ይታወቃል። ከ45,000 ዓመት በፊት የኖረ ሲሆን ሲሞት በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር። ከመሞቱ ብዙ ዓመታት በፊት የግራ ዓይኑ ዙሪያ በከባድ ምት ተቀጥቅጧል፤ በዚያ ዓይን አጥርቶ ያይ ነበር ማለት ያስቸግራል። ቀኝ እጁ ቀጥኖ ከክርኑ በታች ያለው ክፍል የለም። እግሩም ተጎድቶ ያነክስ ነበር። በ2017 ኤሪክ ትሪንካውስና ሴባስቲየን ቪሎት የጆሮውን ቀዳዳዎች መርምረው በአጥንት እድገት ተዘግተው እንደ ነበር አሳዩ፤ እንግዲህ ጆሮውም ከባድ ነበር። በአንድ እጁና በአንድ ዓይኑ የቀረ፣ የሚያነክስ፣ አንበሳ ከኋላው ቢመጣ የማይሰማ አዳኝ ነው። አንዱን ጉዳት ብቻውን ችሎ ሊኖር ይችል ይሆናል፤ ሁሉን ተሸክሞ በዚያ ዘመን ለአዛውንትነት መድረሱ ግን ብቻውን እንዳልነበረ ይናገራል።

እስከዚህ ድረስ የሄድነው በግምት ነው። ግምቱን ወደ ሥርዓት የለወጠችው በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የሠራችው ሎርና ቲሊ ናት። በ2007 በሰሜን ቬትናም ማን ባክ በተባለ የቀብር ሥፍራ፣ ማርክ ኦክሰንሃም ከቬትናማውያን ባልደረቦቹ ጋር በሚመራው ቁፋሮ ላይ አንድ እንግዳ መቃብር ተገኘ። ሌሎቹ ሟቾች በጀርባቸው ተዘርግተው ሲቀበሩ፣ ይህ ወጣት ግን ተጣጥፎ ነበር የተቀበረው። ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ይህ ሰው ክሊፔል ፋይል የሚባለው፣ የአንገት አጥንቶች ተጣብቀው የሚወለዱበት ሕመም ነበረበት። የእጅና የእግር አጥንቶቹ እጅግ ቀጥነዋል። ቲሊና ኦክሰንሃም እንዳረጋገጡት ከወገቡ በታች ሽባ ነበር፤ እጆቹንም እንደ ልቡ ማዘዝ አይችልም ነበር። ሽባነቱ በአሥራዎቹ ዕድሜው የጀመረ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ገደማ ኖሯል።

ቲሊ በ2011 ያቀረበችው ዘዴ አራት ጥያቄዎች አሉት። ይህ ሰው ምን ነበረበት? ሕመሙ ከዕለት ተዕለት ሥራ የትኛውን ይከለክለው ነበር? በሕይወት ለመቆየት ምን ዓይነት እርዳታ፣ ለምን ያህል ጊዜ ያስፈልገው ነበር? ይህስ እርዳታ መሰጠቱ ስለ ሰጪው ማኅበረሰብ ምን ይነግረናል? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ የጽሑፉ ደራሲ የነርስ ዓይን እንዳላት ተሰማኝ። ሽባ ሰው መብላት ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። ራሱን መገልበጥ ስለማይችል በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ጎኑን የሚያቀይረው ሰው ያሻዋል። ካልሆነ ቆዳው በሳምንታት ውስጥ ይቆስላል፤ ቁስሉ ወደ አጥንት ይዘልቃል፤ ደሙም ይመረዛል። ሽንቱና ዓይነ ምድሩ መጠረግ አለበት፤ ገላው መታጠብ፣ ከብርድና ከሙቀት መጠበቅ አለበት። ይህን ሁሉ ለአሥር ዓመት ማድረግ ለአንዲት እናት ብቻ የሚቻል አይደለም። የማን ባክ ሰዎች ዓሣ አጥማጆችና አዳኞች ነበሩ፤ ብረታ ብረት አያውቁም፤ አሳማ ማርባት ገና መጀመራቸው ነበር። ከእነርሱ የዕለት ኑሮ ይህን ያህል የሰው ጉልበት መቀነስ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂላችን የዚያን መንደር አኗኗር በትክክል ይገልጠዋል።

ይህ ማስረጃ የጦጣውን ፈተና ያልፋል። በየጥቂት ሰዓቱ ጎን የሚያቀይር ሰው ባይኖር ኖሮ ሽባው ወጣት አሥር ዓመት ቀርቶ አንድ ዓመት ባልኖረ ነበር።

መንከባከብ ግን ሕክምና ብቻውን አይደለም። ዕውቀትስ? የዚህ ጥያቄ አስደናቂ መልስ የመጣው ከቦርኒዮ ደሴት ነው። የኢንዶኔዥያና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2020 በምሥራቅ ካሊማንታን ሊያንግ ቴቦ በተባለ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ሲቆፍሩ የአንድ ወጣት አጽም አገኙ። ከከሰልና ከጥርስ በተወሰደ ልኬት ዕድሜው 31,000 ዓመት መሆኑ ታወቀ። አጽሙ በጥንቃቄ የተቀበረ ነበር፤ ከመቃብሩ በላይ የኖራ ድንጋዮች ለምልክት ተቀምጠዋል። የቀኝ እግሩ እስከ ጣቱ ድረስ ሙሉ ነው። የግራው ግን ከቅልጥሙ የታችኛው ሲሶ ጀምሮ የለም።

በሴፕቴምበር 2022 ቲም ማሎኒና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያቀረቡት ድምዳሜ እግሩ በሰው እጅ፣ ታስቦበት የተቆረጠ ነው የሚል ነው። ምክንያታቸውን እንደ ሐኪም መዝኜ አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አዞ ወይም የወደቀ ድንጋይ ቢሆን አጥንቱን ይፈጨው፣ ይሰነጥቀው ነበር፤ ይህ ግን በአንድ መስመር የተቆረጠ ነው። የቅጣት ቆረጣ እንዳይባል ባለቤቱ በክብር ተቀብሯል። የጉቶው ጫፍ ተድበልብሎ ተዘግቷል፤ የማመርቀዝ ምልክት የለበትም። የቀረው ቅልጥም የሕፃን አጥንት ያህል ቀጭን ነው፤ ይህም ቆረጣው በልጅነት እንደ ተፈጸመ ያሳያል። ወጣቱ ሲሞት 19 ወይም 20 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከቆረጣው በኋላ ከ6 እስከ 9 ዓመት ኖሯል። ከዚህ ግኝት በፊት እጅግ ጥንታዊ ተብሎ የሚታወቀው ቆረጣ በፈረንሳይ ቡቲየር ቡላንኩር በተባለ ሥፍራ የተገኘው፣ የ7,000 ዓመት ዕድሜ ያለው የአንድ ገበሬ ሽማግሌ የግራ ክንድ ነበር።

የሕፃን እግር መቁረጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ጥቂት ላስረዳ። በቅልጥም ዙሪያ የሚያልፉ ትላልቅ የደም ቅዳ ሥሮች አሉ፤ እነርሱን ማሰር ወይም መጫን የማያውቅ ሰው በሽተኛውን በደቂቃዎች ውስጥ ያጣዋል። ጡንቻውንና ቆዳውን ከአጥንቱ አስረዝሞ ማስቀረት የማያውቅ ጉቶውን መክደን አይችልም። ልጁን የሚይዙ፣ ሕመሙን የሚያስታግሱ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ከቆረጣው በኋላ ደግሞ ሞቃትና እርጥብ በሆነ ጫካ ውስጥ ቁስሉን በየቀኑ ማጠብና መሸፈን ይጠይቃል። የዚያ ጫካ ሰዎች መግል የሚያደርቁ ቅጠሎችን ያውቁ ነበር ይሆናል፤ ይህ ግን ግምት ነው፤ ቅጠል አጥንት አይደለምና በአፈር ውስጥ አልቆየልንም። በእርግጥ የምናውቀው ውጤቱን ነው። ይህን ዓይነት ሥራ አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሞክሮ አይሳካለትም። ከእርሱ በፊት የሞከሩ፣ የሳቱ፣ የተማሩና ያስተማሩ ነበሩ ማለት ነው።

እኔ በባዕድ አገር በተማርሁበት የሕክምና ትምህርት ቤት የቀዶ ሕክምና ታሪክ የሚጀምረው ኤድዊን ስሚዝ ተብሎ ከሚጠራው የግብጽ ፓፒረስ ነበር፤ ይህም 3,600 ዓመት ገደማ ያለው ጽሑፍ ነው። ከዚያ ወደ ግሪኮቹ እንሻገራለን። ያልተጻፈ ዕውቀት ዕውቀት አልነበረም። በዚህ ትምህርት ተኮትኩቼ ስለ አገሬ ወጌሻ ያለኝ አስተያየት ምን ይመስል እንደ ነበር አንባቢ ሊገምት ይችላል። ወጌሻ አላግባብ አጥብቆ ያሰረው ጠፍር የደም ዝውውርን ዘግቶ እግር የሚያበሰብስበት ጊዜ አለ፤ ጉዳቱ እውነት ነው፤ ዛሬም አልክደውም። ነገር ግን ሆስፒታል የሚመጣው የከሸፈው ሥራ ብቻ መሆኑን ዘንግቼ ነበር። የተሳካለት በሽተኛ ወደ እርሻው ይመለሳል እንጂ ወደ እኔ አይመጣም። ከላይ ስለ አጥንት ምስክርነት የተናገርሁት ወጥመድ፣ ምልክት የተወውን ብቻ አይቶ መፍረድ፣ እኔኑ ለሠላሳ ዓመት ይዞኝ ኖሯል። ከአባት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ ዕውቀት እንዴት ረጅም ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ያስረዳኝ የቦርኒዮ ልጅ ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እስካሁን የጠራናቸው ምስክሮች አንድ ጊዜ ጤነኛና ጠቃሚ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከውልደቱ ጀምሮ ደካማ ስለሆነውስ? በስፔን ቫሌንሲያ አውራጃ ኮቫ ኔግራ ከተባለ ዋሻ በ1989 የወጣ አንድ የጆሮ አካባቢ አጥንት ቁራጭ ለብዙ ዓመታት ከእንስሳት አጥንት ጋር ተቀላቅሎ ተቀምጦ ነበር። በ2024 መርሴዴስ ኮንዴ ቫልቬርዴና ባልደረቦቿ ይህ አጥንት ከ146,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የኒያንደርታል ሕፃን መሆኑን፣ የውስጥ ጆሮው አፈጣጠርም በዳውን ሲንድሮም የሚታየው ዓይነት መሆኑን ገለጹ። ሕፃኗን «ቲና» አሏት። የመስማት ችግርና የሚያንገዳግድ ማዞር ሳይኖርባት አልቀረም። ምርመራው ከአጥንት ቅርጽ እንጂ ከዲኤንኤ የተገኘ ባለመሆኑ ትንሽ ጥንቃቄ ይገባዋል። ቢሆንም ሕፃኗ ስድስት ዓመት መኖሯ ትልቅ ነገር ነው። በ1929 እንኳ በሠለጠነው ዓለም ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ አማካይ ዕድሜው 9 ዓመት ነበር፤ ዛሬ 60 ደርሷል።

በዚያው በ2024 አዳም ሮርላክና ባልደረቦቹ ወደ 10,000 ከሚጠጉ ጥንታዊ ሰዎች የተወሰደ ዲኤንኤ መርምረው ዳውን ሲንድሮም የነበረባቸው ስድስት ሰዎች አገኙ። አብዛኞቹ ሳይወለዱ ወይም በተወለዱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሞቱ ናቸው። ጥቂቶቹ የተገኙት ከ2,000 ዓመታት በላይ ባስቆጠሩ የሰሜን ስፔን የብረት ዘመን መንደሮች ውስጥ ሲሆን፣ በእነዚያ መንደሮች ሙታን በልማድ ይቃጠሉ ነበር። እነዚህ ሕፃናት ግን በመኖሪያ ቤቶች ወለል ሥር ተቀብረዋል፤ አንዳንዶቹም የነሐስ ቀለበትና ዛጎል ተቀምጦላቸዋል። ቀደም ሲል ተረድተው ያልተረፉት ከአጥንት ንባብ ውጭ ቀርተዋል ብዬ ነበር። እነሆ ከእነርሱ ጥቂቶቹ በመቃብራቸው አኳኋን ተገለጡ።

እንዲህ ስል የጥንት ሰው መልአክ ነበር ማለቴ አይደለም። የዓባይ ውኃ ከሚያልፍበት ከሰሜን ሱዳን ጀበል ሰሃባ የተባለ ጥንታዊ መቃብር አለ። የአስዋን ግድብ ውኃ ከመሸፈኑ በፊት በ1960ዎቹ ተቆፍሮ አጽሞቹ ወጥተዋል። ቢያንስ 13,400 ዓመት ያላቸው ናቸው። ለረጅም ጊዜ የአንድ ቀን እልቂት ሰለባዎች ናቸው ሲባል ቆይቶ፣ በ2021 ኢዛቤል ክረቨኩርና ባልደረቦቿ 61ዱን አጽሞች እንደ ገና መርምረው ሌላ ነገር አገኙ። ከ61ዱ በ41ዱ ላይ የዳነ ወይም ያልዳነ ጉዳት ነበረባቸው፤ ብዙው በተወረወረ መሣሪያ የደረሰ ነው፤ ሴቶችና ሕፃናትም አልቀሩም። አንዳንዱ አጽም የዳነ የቆየ ቁስልና ያልዳነ አዲስ ቁስል በአንድነት ይዟል። እንግዲህ እልቂቱ የአንድ ቀን አልነበረም፤ እየተመላለሰ የሚመጣ ግጭት ነበር።

ስለዚህ አጽም ረጅም ጊዜ አሰብሁ። በመጀመሪያው ቁስሉ ጊዜ ተንከባክበው ያዳኑት ሰዎች ይኖሩ ይሆናል፤ የማን ባክን ያህል በእርግጠኝነት ግን ልመሰክር አልችልም። እነዚያው ሰዎች በሌላው ወገን ልጅ ላይ ቀስት ይወረውሩ ነበር። ርኅራኄና ጭካኔ በተለያየ ዘመን የሚኖሩ የሰው ልጅ ጠባዮች አይደሉም፤ በአንድ ሰፈር፣ ምናልባትም በአንድ ሰው እጅ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ማኅበረሰቦችን የሚለያቸው ርኅራኄ መኖር አለመኖሩ ሳይሆን የት ድረስ እንደሚዘረጋ ይመስለኛል። ለወገኑ ወጌሻ፣ ለጎረቤቱ ቀስተኛ መሆን ከ13,000 ዓመት በኋላም ያልተፈታ ችግር መሆኑን የእኛ ትውልድ ከማንም በላይ ያውቃል።

እንግዲህ ብይኑ ምንድን ነው? «ተሰብሮ የዳነ የጭን አጥንት» ብቻውን ሥልጣኔን አይመሰክርም። ነገር ግን በጥንቃቄ የተመረመሩት ምስክሮች ከተረቱ የሚበልጥ ነገር ነገሩን። ከእርሻ፣ ከጽሕፈትና ከመንግሥት በፊት ለዓመታት የሚዘልቅ እንክብካቤ የሚያደራጁ፣ አስቸጋሪ ቀዶ ሕክምና የሚያውቁ ማኅበረሰቦች ነበሩ። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው አባባላችን በአንዳንድ ስፍራ ቢያንስ የ31,000 ዓመት ማስረጃ አለው። እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ጥንታዊነታችን ስንናገር ዓይናችን የሚያርፈው በሐውልቱ፣ በቤተ መንግሥቱና በመቅደሱ ላይ ነው። ድንጋይ ማቆም ታላቅ ሥራ ነው። በሐውልቱ ሥር የኖሩት ደካሞች እንዴት ኖሩ፣ ማን ጎናቸውን አቀያየረ ብሎ መጠየቅም የታሪክ ሥራ ነው፤ የእኛም መቃብሮች አንድ ቀን በዚህ ዓይን ይጠኑ ይሆናል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ ግማሽ አካሏ በስትሮክ ሽባ ሆኖ አራት ዓመት አልጋ ላይ ቆይታ ነው ያረፈችው። እኔ ባሕር ማዶ ሆኜ መድኃኒት እልክ ነበር፤ ገንዘብ እልክ ነበር፤ በስልክም «በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን አቀያይሩ» እያልሁ አዝዝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አገር ቤት ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት እንደ ሐኪም እናቴን ገልብጬ ጀርባዋን ማየት ነበር። አንድም ቁስል አልነበረም። ቀና ስል ታናሽ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ፊቷ ከዕድሜዋ አሥር ዓመት አርጅቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት አልተኛችም።

ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ማንም የእናቴን አጽም ቢያገኝ የአንድ ወገን አጥንቷ መቅጠኑን አይቶ ሽባ እንደ ነበረች ያውቃል። አራት ዓመት መኖሯንም አይቶ ሰው እንደ ነበራት ያውቃል። የእህቴን ስም አያገኝም፤ እኔ የላክሁት ገንዘብም በአጥንት ላይ አይጻፍም። የእህቴ እጅ ግን ይታየዋል፤ በአጥንቱ ላይ ባልተገኘው ቁስል።